በአራዳ ቋንቋ የተጻፈ ትዕዛዝ

ጽሑፎቻችንንና ፎቶዎቻችንን በየሌሊቱ ወደ ሌላ ዲስክ የምትገለብጥ አጭር ስክሪፕት ነበረችን። ከመካከላችን አንዱ ፌዶራ በጫነበት ላፕቶፑ ላይ ጻፋት፣ ሞከራት፣ ሠራች። አጨበጨብንለት! ከዚያ ኡቡንቱ ወዳለው ሰርቨራችን ወሰድናትና እፎይ ብለን ተኛን። የሰርቨሩ ዲስክ የተበላሸ ዕለት የቅጂውን ፎልደር ስንከፍት ግን… ባዶ! የሦስት ወር ሥራችን አብሮ ሄደ።

ማን በደለን? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ራሳችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሼል የምንጽፈውን ትዕዛዝ ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያደርስ አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው ግን አንድ አይደለም። ሁሉም እንዲግባቡ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1992 በፖዚክስ ሥር መደበኛ የሼል ቋንቋ ወጥቷል፤ ባሽ የተባለው ሼል ደግሞ በዚያ ላይ የራሱን አራዳ ጨምሮበታል። የኛ ስክሪፕት በመጀመሪያው መስመሯ «ኤስኤች ያስኪደኝ» ትላለች። ፌዶራ ላይ በዚህ ስም ሲጠሩት «አቤት» የሚለው ባሽ ነው። ኡቡንቱ ግን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለፍጥነት ሲል ቦታውን ቀለል ላለው ለዳሽ ሰጥቶታል፤ ዴቢያንም በ2011 ተከትሎታል።

ዳሽ ደግሞ አራዳ አይገባውም። «ፎልደሩ ካለ ገልብጪ» ያልናት በባሽ ድርብ ቅንፍ፣ በ[[ ነበር። ዳሽ «እንዲህ የሚባል ትዕዛዝ አላገኘሁም» ይልና «ፎልደሩ የለም» እንደተባለ ቆጥሮ ያልፈዋል። ስክሪፕቷ አንዲት ፋይል ሳትገለብጥ «በሰላም ጨረስኩ» ብላ ትወጣለች። ጉድ የሠራን ይኸው ነው።

«ታዲያ ዳሽን አውጥቶ ባሽን መመለስ ነዋ!» የሚሉ አሉ። አንስማማም። ነገ ባሽ ጭራሽ ያልተጫነበት ማሽን ሲገጥመንስ? አልፓይን ሊኑክስ እንኳ ባሽን ይዞ አይመጣም። ከቤቱ የሚወጣ ስክሪፕት በመደበኛው ቋንቋ ይጻፍ፤ ድርብ ቅንፍ በነጠላ ይተካ፣ አሬይ ይቅር፣ ዳሽ ላይም ይሞከር። ሼልቼክ የሚባለው ነፃ መሣሪያ የተደበቀ አራዳ ካለ ያጋልጣል። የባሽ አራዳ የግድ ካስፈለገ ደግሞ በመጀመሪያው መስመር ባሽን በስሙ እንጥራው፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ!

እናንተስ ወዳጆቻችን፣ «ቅጂ አለን» ብላችሁ ተማምናችኋል? ዛሬ ማታ ሳትተኙ ፎልደሩን ክፈቱት።