ዓይነ ደካማ እናት የግድ በቀዶ ጥገና ትውለድን?

ወፍራም መነጽር የምታደርግ አንዲት መምህርት በቅርቡ ወደ እኛ መጥታ፣ «የሩቁን አጥርቼ አላይምና ሳምጥ ዓይኔ እንዳይጠፋ በቀዶ ጥገና ውለጂ ተብያለሁ» አለችን። ምክሩን የሰጣት ሐኪም ነው። አንፈርድበትም፤ እኛም በውጭ አገር ስንማር ከአንድ አዛውንት መምህራችን ይህንኑ ሰምተን ያለ ጥያቄ በደብተራችን ጽፈነው ነበር።

ነገሩ ግን ሲመረመር አልጸናም። ሬቲና የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ከቦታው የሚላቀቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር ሲጎትተው ተቀዶ ውሃ ከሥሩ ሲገባበት ነው። በምጥ ጊዜ የሚጨምረው ግፊት ግን ዓይንን ከየአቅጣጫው እኩል ይጫነዋል እንጂ ሬቲናውን አይጎትተውም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ የመነጽራቸው ልክ ከ4.5 እስከ 15 ዲዮፕትር የሆነ 50 ሴቶች ቢመረመሩ፣ በምጥ ምክንያት ሬቲናው የተጎዳባት አልተገኘችም።

ቀዶ ጥገና በሚገባው ጊዜ የእናትንና የልጅን ሕይወት የሚያድን ታላቅ ጥበብ ነው። ያለ ምክንያት ሲደረግ ግን የደም መፍሰስንና የቁስል ማመርቀዝን፣ በሚቀጥለውም እርግዝና የእንግዴ ልጅ በጠባሳው ላይ መጣበቅንና የማሕፀን መተርተርን ሊያመጣ ይችላል። ለመነጽር ውፍረት ሲባል ይህን ዋጋ መክፈል፣ በእኛ አስተያየት፣ ኪሳራ ነው።

እኛ ይልቅስ የምንፈራው ሌላ ነው። የስኳር በሽታ ያለባት ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ የዓይኗ ሕመም ሊፋጠንባት ስለሚችል፣ ከማርገዟ አስቀድሞና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ልትመረመር ይገባታል፤ በቀላሉ የሚደሙ አዳዲስ የደም ሥሮች ቢገኙባት ከምጧ በፊት በሌዘር ትታከማለች፤ የአወላለዷም ነገር በዓይን ሐኪምና በማሕፀን ሐኪም ምክር ይቆረጣል። ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ዓይን ሲጭበረበርና ብልጭ ብልጭ ሲል፣ ይልቁንም ከብርቱ ራስ ምታት ጋራ ሲሆን፣ የእርግዝና ደም ግፊት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ወደ መነጽር ሻጭ የሚሮጡ አሉ።

መምህርቲቱን የዓይኗን ብሌን በጠብታ አስፍቶ ወደሚያይ የዓይን ሐኪም ላክናት፤ ሬቲናዋም ደኅና ሆኖ ተገኘ። በእርግዝና ጊዜ የዓይን መስተዋት ጥቂት ስለሚያብጥና ልኩ ስለሚለዋወጥ፣ ልታሠራው ያሰበችውን አዲስ መነጽር ግን ከወለደች በኋላ እንድታደርገው ነገርናት።