ሳህኑን ማን ያንሣ?

ባለፈው ሰሞን ከእራት በኋላ ዶርም ውስጥ የተጫረው ክርክር እስካሁን አልበረደም። ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኧርሱላ ለ ግዊን ስለ ኧርዝሲ ደሴቶች የጻፈቻቸው መጻሕፍት ስድስት ናቸው። ከስድስቱ የትኛው ይበልጣል፣ የትኛውስ ያንሳል ተባለና ወረቀት ወጣ፤ ድምፅ ተሰጠ፤ ደረጃ ተደረደረ። «የኧርዝሲ አስማተኛ» (እ.ኤ.አ. 1968) አንደኛ፤ «የአቱዋን መቃብሮች» (1971) ሁለተኛ፤ «የሩቁ ዳርቻ» (1972) ሦስተኛ። በ2001 የወጡት «ሌላው ነፋስ» እና «የኧርዝሲ ተረኮች» አራተኛና አምስተኛ። በ1990 የታተመው «ተሃኑ» ጭራ! ያውም በሳቅና በጭብጨባ። «ስለሱማ ባናወራ ይሻላል» ያለም ነበር።

እኔ ግን ማውራት እፈልጋለሁ።

መጽሐፍን ከመጽሐፍ ማወዳደር ነውር አይደለም። የሚወድ ሰው ያወዳድራል፤ የማይወድ ምን አስጨንቆት! ጠቤ ከሚዛኑ ነው። በበርበሬ ሚዛን ወርቅ አይመዘንም።

ላላነበበ ባጭሩ ልንገር። በኧርዝሲ የማንኛውም ነገር ኃይል ያለው በእውነተኛ ስሙ ውስጥ ነው። የድንጋይን፣ የዓሣን፣ የሰውን እውነተኛ ስም ያወቀ ያዝዘዋል። ስለዚህ ሰው እውነተኛ ስሙን ደብቆ በመጠሪያ ስም ይኖራል። ይሄ ለእኛ ምኑ እንግዳ ነው? የክርስትና ስማቸውን «ድግምት ይሠሩብኛል» ብለው ለሰው የማይነግሩ አያቶች የነበሩን ሰዎች ነን። «አስማት» የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው። ለ ግዊን ከእኛ ወሰደች እያልኩ አይደለም። እኛ ለመጽሐፏ ቅርብ ነን እያልኩ ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ቅርብ ሆነን አለመስማታችን።

እስቲ ክሶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው ክስ፦ «ተሃኑ ውስጥ ምንም ነገር አይደረግም።» እንዴ! መጽሐፉ የሚጀምረው አብረዋት የሚኖሩ ሰዎች ደፍረው፣ ደብድበው፣ እሳት ውስጥ ከጣሏት ሕፃን ነው። ፊቷ በግማሽ ጎኑ ተቃጥሏል፤ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፤ እጇ ኮምትሯል። የምታሳድጋት ቴናር ናት፤ «የአቱዋን መቃብሮች» ውስጥ በልጅነቷ ከእናቷ ጉያ ተነጥቃ ለጨለማ አማልክት የተሰጠችው ቴናር። አሁን በዕድሜ የገፋች፣ ገበሬ አግብታ ልጆች ያሳደገች፣ ባሏ የሞተባት የጎንት ደሴት ሴት ናት። የተቃጠለችን ልጅ ቀን በቀን ወደ ሰው ማቅረብ፣ ፍርሃቷን መጠበቅ፣ ሰው ፊቱን ሲያዞርባት አብሮ መቆም «ምንም» ነው? በመጀመሪያው መጽሐፍ ጌድ ዘንዶ ሲገድል አንድ ነገር ተደረገ፤ ሕፃን ስትቃጠል ግን ምንም አልተደረገም? የዚህ ሚዛን ስም ምን ይባላል?

ሁለተኛው ክስ፦ «ጌድን አዋረደችው።» በ«የሩቁ ዳርቻ» መጨረሻ ጌድ በሞትና በሕይወት መካከል የተከፈተውን በር ሲዘጋ ኃይሉን ሁሉ አሟጧል። ይህንን ሁላችንም አንብበን አጨብጭበናል። «ተሃኑ» የሚለው ግን እንዲህ ነው፤ እሺ፣ ኃይሉን ከጨረሰ በማግስቱስ? በማግስቱ የታመመ፣ ያፈረ፣ ሰው ፊት መቆም የከበደው ሰው ነው። ተራራ ወጥቶ ፍየል ይጠብቃል። «ሊቀ አስማተኛው እረኛ ሆነ!» ብሎ የሚቆጨው ወንድሜ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ረስቶታል። ሲጀመርስ ጌድ ምን ነበር? የጎንት ፍየል እረኛ! የመጀመሪያዋን የአስማት ቃል ያስተማረችውስ ማን ናት? አክስቱ፣ የመንደር አስማተኛ ሴት። ወደ ተነሣበት ተመለሰ እንጂ አልተዋረደም። በሌሊት ወንዶች የቴናርን ቤት ሰብረው ሲገቡ ጌድ የተከላከለው በአስማት በትር አይደለም፤ በመንሽ ነው። እየፈራ፣ ምንም ኃይል ሳይኖረው። እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ በመንሽ የቆመው ጌድ በበትር ከቆመው ጌድ ያነሰ ጀግና ነው?

ሦስተኛው ክስ ዋናው ነው፦ «ሰበከች፤ የሴቶችን ጉዳይ ከውጭ አምጥታ ደነቀረችው።» ከውጭ? ገና በ1968ቱ መጽሐፍ መግቢያ ላይ የጎንት ሰዎች የሴትን አስማት ደካማና ክፉ አድርገው ይተርቱበታል። በሮክ ደሴት ያለው ታላቁ የአስማት ትምህርት ቤት ሴት አያስገባም። ጉዳዩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እዚያው ነበር። አንባቢው አላየውም፤ ደራሲዋም ያኔ ሳትጠይቅ አሳልፋዋለች። ይህንንም በኋላ በአደባባይ ተናግራለች፤ የጀግና ታሪክ ማለት የወንድ ታሪክ ማለት ነው የሚለውን ልማድ ተቀብላ ትጽፍ እንደነበር አልካደችም። ከሦስተኛው እስከ አራተኛው መጽሐፍ 18 ዓመት አለፈ። ለ ግዊን ስሟ ገንኖ፣ አንባቢ በእጇ እያለ፣ በዚያው ዘፈን መቀጠል አያቅታትም ነበር። እሷ ግን ተመልሳ የገዛ ዓለሟን መረመረች። ግለ ሂስ በቃል ሲሆን ቀላል ነው፤ እሷ በሙሉ ልቦለድ አደረገችው።

አንድ ትንሽ ትዕይንት ላንሣ። የቴናር ልጅ ስፓርክ ከመርከብ ሥራው ወደ ቤት ይመለሳል። እርሻውም ቤቱም የእኔ ነው ባይ ነው። በልቶ ሲጨርስ ሳህን ማንሣት የሴት ሥራ ነው ይላል። ቴናር ታየዋለች፤ እሷው ያሳደገችው ልጅ ነው። ይህችን ገጽ ሳነብ መጽሐፉን አጠፍኩት። ክረምት ቤት ስገባ የእኔን ሳህን የምታነሣው ታናሽ እህቴ ናት። ባለፈው ክረምት እሷም እንደኔ ፈተና ነበረባት። እኔ ስለ ኧርዝሲ ሳነብ እሷ ታጥባለች። አንድም ቀን ነገሩን አይቼው አላውቅም ነበር። ታዲያ ይሄ ስብከት ከሆነ ስብከቱ ደርሶኛል። ዘንዶ የገደለው ጌድ ግን በሕይወቴ አንዲት ሳህን አስነሥቶኝ አያውቅም።

የመጽሐፉ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው። የጌድ አስተማሪ የነበረው ሽማግሌው ኦጊዮን ሲሞት እውነተኛ ስሙን ለቴናር ይነግራታል። በኧርዝሲ ከዚህ የሚበልጥ አደራ የለም። ሬሳው ሳይነሣ ሁለት አስማተኞች መጥተው መከራከር ይይዛሉ። ስሙን ማወቅ ይፈልጋሉ። ቴናር ስሙን ትናገራለች፤ በግልጽ፣ ፊት ለፊታቸው። አልሰሙም! ሴት ናትና ጆሯቸው አላገኘውም። እንዳልሰሟት ከፊታቸው ታነባለች፤ እንደገና መናገር ይኖርባታል። ጓደኞቼ፣ አትቀየሙኝ እንጂ የእኛ የድምፅ መስጫ ወረቀት እነዚያን ሁለት ሊቃውንት ነው ያስታወሰኝ። መጽሐፉ ስሙን ጠርቷል፤ እኛ ስለ ደረጃ ስንከራከር አልሰማነውም።

ያለ እንከን ነው አልልም። ክፉው አስማተኛ አስፐን ክፋቱ እንጂ ሰውነቱ አይታይም። ጌድና ቴናር ገደል አፋፍ ደርሰው፣ ልጅቱ የጠራችው ዘንዶ ካሌሲን በርሮ መጥቶ ነገሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲቋጨው መጨረሻው ጥድፊያ ይታይበታል። ይህን ያለ ሰው እሰማዋለሁ። «ምንም አይደረግም» ያለውን ግን አልሰማውም።

እንግዲህ ደካማው የትኛው ነው ለሚለኝ አላፈገፍግም፦ «የሩቁ ዳርቻ» ነው! እንደምትጮሁብኝ አውቃለሁ። ሽልማትም አትጥሩብኝ፤ እሱ በ1973 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ካገኘ «ተሃኑ»ም የኔቡላን ሽልማት አግኝቷል፤ አቻ ናቸው። ምክንያቴ ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ ወጣቱ ልዑል አረን የመጽሐፉን አብዛኛውን ክፍል የሚያሳልፈው ጌድን በማድነቅ ነው፤ ጌድ ስለ ሕይወትና ሞት ያስተምራል፣ ልጁ ያዳምጣል። ስብከት ፈልጋችሁ ከሆነ እዚህ ነው ያለው፤ ሰባኪው ወንድ ስለሆነ «ጥበብ» አላችሁት። ሁለተኛ፣ የሙታኑ ደረቅ አገር። እዚያ የተዋደዱ ሰዎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ አይተዋወቁም፤ እናት ልጇን አታውቅም። መጽሐፉ ይህን የተፈጥሮ ሥርዓት አድርጎ ይቀበላል። «ይህን ግንብ ማን ሠራው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ጥያቄው የመጣው ከ29 ዓመት በኋላ ነው፤ በ«ሌላው ነፋስ» ያ ደረቅ አገር የጥንት አስማተኞች ስግብግብነት ውጤት መሆኑ ይታወቃል፤ ግንቡም ይፈርሳል። ከሚያፈርሱት መካከል ማን አለች? ያቺ የተቃጠለች ልጅ፣ ተሃኑ! ጭራ ያደረጋችሁት መጽሐፍ ባይኖር አራተኛ ያላችሁት መጽሐፍ አይወለድም ነበር። ቤቱን አመስግኖ መሠረቱን መስደብ ምን ይባላል?

ነገሩን ለመቋጨት፣ «ተሃኑ» በ1990 ሲወጣ «የኧርዝሲ የመጨረሻው መጽሐፍ» የሚል ንዑስ ርዕስ ነበረው። አልነበረም፤ ደራሲዋ ተሳስታ ነበር፤ ተመልሳም በ2001 ሁለት ጨመረች። በ2018 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ የራሷን ዓለም ከመጠየቅ አላረፈችም። እሷ የጻፈችውን ካረመች እኛ በአንድ ማታ የደረደርነውን ማረም ምን ያቅተናል?

ስለዚህ ድምፁ ይደገም እላለሁ። ያላነበበ ያንብብ፤ ያነበበም ይድገመው። ከእራት በኋላ እንደለመድነው እንሰብሰብ። ብቻ መጀመሪያ እያንዳንዱ የራሱን ሳህን ያንሣ።