ሳሙራዩን ተዉት፤ እንጨት ቆራጩን ጠይቁ

በሲያትልና በአካባቢዋ በምንኖር፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ ካስኬድ ተራሮች እየወጣን ድንኳን መትከል በለመድን ወዳጆች መካከል አንድ ፋሽን ገብቷል፤ በትዕዛዝ የሚሠራ፣ የማይታጠፍ፣ «ጃፓናዊ» ቢላዋ። ፋሽኑን አልጠላሁትም። ሰው ከመደርደሪያ ያገኘውን አንሥቶ ከመሄድ ይልቅ አንድን ቀጥቃጭ «ይህን ሥራልኝ» ብሎ መለመኑ ለእጅ ሙያ የሚሰጥ ክብር ነው። እኔን የሚያጣላኝ የትዕዛዙ ቃል ነው። «ሳሙራይ የሚይዘው ዓይነት ይሁን» ይላሉ። ጫፉ ማዕዘን የወጣለት፣ እጀታው እንደ ጎራዴ በገመድ የተጠመጠመ፣ ብረቱ «ሺህ ጊዜ የታጠፈ»፣ በጎኑም ባለቤቱ ሊያነበው የማይችለው የካንጂ ጽሕፈት የተቀረጸበት። ቢላዋው ተሠርቶ ይመጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይወለወላል፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጫካ ውስጥ እንጨት የሚሰነጥቀው ግን በጥቂት ዶላር የተገዛው ሌላው ቢላዋ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ የምለው ይህ ነው፤ የጃፓን የዱር ቢላዋ የሳሙራይ ልጅ አይደለም። ያሳደጉት እንጨት ቆራጩ፣ ከሰል አክሳዩና አዳኙ ናቸው። ቢላዋን በሳሙራይ ስም የሚያዝዝ ሰው የቴአትር ልብስ ያሰፋል፤ በእንጨት ቆራጩ ስም የሚያዝዝ ግን ቢላዋ ያገኛል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የሳሙራይ ጎራዴ የተሠራው ሰው ሰውን እንዲቆርጥበት ነው። የያዘውም በማዕረግ የተለየ አንድ መደብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 የሜይጂ መንግሥት ጎራዴ ታጥቆ በአደባባይ መሄድን በአዋጅ ከለከለ። የጎራዴ ሠሪዎቹ ገበያ በአንድ ጊዜ ደረቀ፤ ብዙዎቹም መዶሻቸውን ወደ ወጥ ቤት ቢላዋና ወደ ገበሬ መሣሪያ መለሱት። ገበሬውና እንጨት ቆራጩ ግን ከዚያም በፊት የራሳቸው ቀጥቃጮች ነበሯቸው።

ከእነዚህ ቀጥቃጮች ዘንድ የሺኮኩ ደሴቷን ቶሳ እወስዳለሁ፤ ዛሬ ኮቺ የሚባለው ግዛት ነው። ከመሬቱ 84 በመቶ ያህሉ ደን ነው፤ በጃፓን ውስጥ ይህን ያህል በደን የተሸፈነ ግዛት የለም። በ17ኛው መቶ ዓመት ገዥዎቹ በእንጨት ንግድና በአዲስ የእርሻ መሬት ላይ ሲበረቱ የመጥረቢያ፣ የማጭድና የገጀራ ፍላጎት አብሮ አደገ። የቶሳ ቀጥቃጮች የሚታወቁበት አሠራር «ነጻ ቅጥቀጣ» ይባላል። ብረቱን በተዘጋጀ ቅርጽ ማውጫ ሳይወስኑ፣ ደንበኛው እንደሚፈልገው መጠንና ቅርጽ በመዶሻ ያወጡታል። እንጨት ቆራጩ መጥቶ የሚቆርጠው ዛፍ ምን እንደሆነ፣ ቁልቁለቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ግራኝ ይሁን ቀኝ ይናገራል፤ ቀጥቃጩ ሰምቶ ይሠራል። በትዕዛዝ የሚሠራ ቢላዋ ማለት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የጃፓን መንግሥት የቶሳን የብረት ሥራ ባህላዊ የእጅ ሙያ ብሎ በይፋ ሲያውቅለት፣ ያከበረው ይህን የጫካና የእርሻ መሣሪያ ሥራ ነው።

ወደ ሰሜን ብንሄድ ደግሞ «ማታጊ» የሚባሉት አዳኞች አሉ፤ በአኪታና በአካባቢው ተራሮች ድብ የሚያድኑ። ቢላዋቸው «ናጋሳ» ይባላል። አንደኛው ዓይነት እጀታው ራሱ ከብረቱ ተጠቅልሎ እንደ ቱቦ ክፍት ሆኖ የተሠራ ነው። ረጅም ዘንግ ሲሰኩበት ጦር ይሆናል፤ ዘንጉን ሲነቅሉት ሥጋ መበለቻና ቅርንጫፍ መቁረጫ ይሆናል። ያ ቱቦ ለጌጥ አልተጨመረም። በበረዶ ላይ ድብ የሚገጥመው ሰው ሁለት መሣሪያ መሸከም ስለከበደው የተፈጠረ ነው። የጃፓንን መንፈስ የሚፈልግ ሰው እዚህ ይፈልገው።

አሁን ወዳጆቼ ወደሚመኩባቸው ተረቶች ልምጣ።

የመጀመሪያው «ሺህ ጊዜ የታጠፈ» የሚለው ነው። ጎራዴ ሠሪ ብረቱን የሚያጥፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያህል ነው። አንድ ነገር 10 ጊዜ ሲታጠፍ 1,024 ድርብ፣ 15 ጊዜ ሲታጠፍ 32,768 ድርብ ይሆናል። ሺህ የሆነው ድርቡ እንጂ እጥፉ አይደለም። የሚታጠፍበትም ምክንያት አለው። ከብረት አሸዋ በከሰል እሳት የሚወጣው «ታማሃጋኔ» ቆሻሻ ያለበትና ካርቦኑ ያልተስተካከለ ስለሆነ፣ በመታጠፍና በመቀጥቀጥ ይጠራል፣ ይስተካከላል። የዛሬው ዓረብ ብረት ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ጥሩና እኩል ነው። በላዩ የሚታየው የማዕበል መልክ ለዓይን ያምራል፤ ለስለቱ የሚጨምርለት ኃይል የለም።

ሁለተኛው ማዕዘን የወጣለት ጫፍ ነው፤ «ታንቶ» ይሉታል። የቀድሞው የጃፓን ታንቶ ጫፉ በለስላሳ ጉብጠት የሚያልቅ ነው። ይህ በማዕዘን የተቆረጠው መልክ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እዚሁ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋ ነው። ለመውጋት ይጠነክር ይሆናል። ነገር ግን ዓሣ የሚያጸዳ፣ ቆዳ የሚገፍ፣ ለእሳት ማቀጣጠያ እንጨት የሚልግ ሰው የሚያስፈልገው ጉብጠቱን ነው። ወዳጄ፣ አንተ በካስኬድ ተራራ ማንን ልትወጋ ነው?

ሦስተኛው የጥንካሬ ቁጥር ነው። «በሮክዌል 63 ይሁንልኝ» ይላሉ፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቢላዋው የሚሻል ይመስል። በሺማኔ ግዛት በያሱጊ የሚመረተውና በመጠቅለያ ወረቀቱ ቀለም «ነጭ ወረቀት» የሚባለው ዓረብ ብረት፣ ሁለተኛው ደረጃው ከ1.05 እስከ 1.15 በመቶ ካርቦን አለው። እጅግ ሊጠነክር፣ እጅግም ሊሳል ይችላል። ለስላሳ ዓሣ በሚቆርጥ የወጥ ቤት ቢላዋ ላይ ይህ በረከት ነው። ጀርባውን በዱላ እየመቱ የቀዘቀዘ ግንድ በሚሰነጥቁበት ቢላዋ ላይ ግን ከልክ ያለፈ ጥንካሬ መሸረፍን ያመጣል። ስለዚህ የሚያውቅ ቀጥቃጭ ብረቱን ከነከረው በኋላ መልሶ በልክ ያሞቀዋል፤ ከጥንካሬው ትንሽ ቀንሶ ጽናት ይሰጠዋል። ጠንካራውንም ብረት ብቻውን አይተወውም። በመሀል ያስቀምጠውና ከግራና ከቀኝ በለስላሳ ብረት ያቅፈዋል። መሀሉ ይቆርጣል፤ ጎኑ ድንጋጤውን ይውጣል። የጃፓን ጥበብ የምለው ይህን መተቃቀፍ ነው፤ ካንጂውን አይደለም።

አራተኛው የእጀታው ነገር ነው። እንደ ጎራዴ በገመድ የተጠመጠመ እጀታ በእኛ አካባቢ ዝናብ ውኃ ይጠጣል፤ የዓሣ ደምና የሥጋ ስብ ይገባበታል፤ አይጸዳም። የጃፓን እንጨት ቆራጭ የሚይዘው ተራ የእንጨት እጀታ ነው። ሲያረጅ ይወልቅና ሌላ ይገባለታል፤ በብርድም እጅን አያቃጥል። ልጁ የአባቱን ቢላዋ በአዲስ እጀታ ይዞ ወደ ጫካ ይሄዳል።

አንድ ወዳጄ እነዚህን አራቱንም በአንድ ደብዳቤ ዘርዝሮ ወደ አንድ የቶሳ ቀጥቃጭ በአስተርጓሚ ላከ። ሽማግሌው የመለሱለት አጭር ነበር፤ «ጌታዬ፣ ምን ሊቆርጡበት እንደሆነ አልጻፉልኝም። ይህን ካላወቅሁ ልሠራልዎ አልችልም።» ወዳጄ ተቀየመ። «ገንዘቡ የእኔ፣ ምርጫው የእኔ፤ እርሳቸው ምን ገብቷቸው?» አለ። ትዕዛዙንም ያለ ጥያቄ ወደሚቀበል ሌላ ሠሪ ወሰደው። እኔ ግን ለዚያ ሽማግሌ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ሐኪም በሽተኛው የጠቀሰውን መድኃኒት ሁሉ ቢያዝዝ ሐኪም አንለውም። ቀጥቃጭም «ለምን?» ብሎ ካልጠየቀ መዶሻ የያዘ ሻጭ ነው።

ይህ ጥያቄ የጃፓን ሕግም ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የጦር መሣሪያና የጎራዴ ሕግ፣ ስለቱ ከ6 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ቢላዋን ለሥራ ወይም ለሌላ በቂ ምክንያት ካልሆነ በቀር ይዞ መንቀሳቀስን ይከለክላል። ጎራዴ ደግሞ በግለሰብ እጅ የሚቆየው እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ ተመዝግቦ ነው። ጃፓናውያን ራሳቸው ሁለቱን ለይተዋቸዋል፤ ጎራዴው ቅርስ ነው፣ ቢላዋው መሣሪያ ነው። እኛ ከባሕር ማዶ ሆነን ለምን እናደባልቃቸዋለን?

«ውበትስ?» የሚለኝ ይኖራል። ውበትን አልነፈግሁም። ጎራዴ የሚወድድ፣ አቅሙም ያለው፣ ፈቃድ ካለው ጎራዴ ሠሪ እውነተኛውን ጎራዴ ያሠራ፤ ይህ ንጹሕ ፍቅር ነው። ግማሽ ጎራዴ፣ ግማሽ ቢላዋ የሆነ ነገር ግን ለዓይንም ለእጅም አይበቃም። የእኔ ቢላዋ ስለቱ 13 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከላዩ ከሠሪው ምልክት በቀር አንድም ጽሕፈት የለበትም። ከሠራው ቀጥቃጭ ጋር ስለ እጄ ስፋት፣ ስለምቆርጠው እንጨት፣ ብረቱን ስለሚያዝገው ዝናባችን ሦስት ደብዳቤ ተጻጽፈናል። ዛሬ ጎኑ በአገልግሎት ግራጫ ሆኗል። ማታ ማታ ጠርጌ ዘይት እቀባዋለሁ፤ ሲዶለዱም በውኃ ድንጋይ እስለዋለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ውበት አላየሁም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በዚህ ነገር ላይ የተለየ ዕዳ አለብን። ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ «ጠይብ» እያለ ሲያርቀው በኖረ አገር ተወልደናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ኖረ። ከዚያ ቤት ወጥተን የሩቁን ቀጥቃጭ በሳሙራይ ጥላ ውስጥ ብቻ ስናከብር፣ ያከበርነው ጦረኛውን ነው፤ መዶሻ ያዡን ዛሬም አላየነውም። የማረሻውን ብረት የሚቀጠቅጠው የአገራችን ባለእጅና የቶሳው ሽማግሌ የአንድ ሙያ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ነው፤ «ምን ልትሠራበት ነው?»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶቻችን። ቢላዋ ልታሠራ የተነሣህ ወዳጄ፣ የጎራዴ ሥዕል ከመላክህ በፊት አንድ ወረቀት አንሣና ጻፍ። የምቆርጠው ይህን ነው። የምሄድበት አገር እርጥብ ነው፤ ወይም ደረቅ ነው። እጄ ይህን ያህላል፤ ግራኝ ነኝ። መሳል እችላለሁ፤ ወይም ገና እማራለሁ። ከዚያ በታች፣ «ቀሪውን እርስዎ ያውቃሉ» ብለህ ፈርም።