ገዳሪፍ ላይ የምንለምነውን መተማ ላይ አንንፈግ

እዚህ ገዳሪፍ ከተማ፣ ቱናይድባና ኡም ራኩባ ያላችሁ፣ መተማና ጎንደር ያላችሁ ዘመዶቼ፣ በረሃውንና ባሕሩን አልፋችሁ ፈረንጅ አገር የገባችሁም ሁሉ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና እስኪፈላ አንብቡት።

ሰሞኑን በየዋትስአፕ ግሩፑ የሚዞር አንድ የድምፅ መልእክት አለ። ለኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። ተናጋሪው ሱዳን ውስጥ አይኖርም። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሱዳን ያላችሁ ክርስቲያኖች ከእስላም እጅ አትብሉ፣ ኢፍጣር ላይ አትቀመጡ፣ ልጆቻችሁን ዐረብኛ ትምህርት ቤት አትላኩ፣ ቀስ በቀስ ሊያሰልሟችሁ ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ አንዲት እኅታችን፣ አንድ ጎረምሳ ገበያ መሀል ልጇን «ካፊር» ብሎ እንደሰደበባት እያለቀሰች ነገረችኝ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝ።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። ከምንከራየው ግቢ አጠገብ አንድ ባልቴት ይኖራሉ፤ ሐጃ ነው የምንላቸው። የረመዳን የመጀመሪያ ቀን ማግሪብ ሲቃረብ የልጅ ልጃቸውን ልከው አስጠሩኝ። ትሪው ላይ ዐሲዳ በሙላሕ፣ ተምርና ሁሉሙር ነበረበት። «ሐጃ፣ ጾም ላይ ነኝ፤ ሥጋም ወተትም አልበላም» አልኳቸው። «ስንት ቀን ነው?» አሉኝ። «አምሳ አምስት» ስላቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «እናንተስ ከኛ ብሳችኋል!» ብለው ሳቁ። ከማግስቱ ጀምሮ ለኔ ለብቻው በሊላ በሳሕን ይመጣል። በሊላ እንደምታውቁት የኛው ንፍሮ ነው። ሙላሑ ወደኔ አይጠጋም። ሐጃ አንድ ቀን እንኳ አልሰበኩኝም፤ እኔም አልሰበክኋቸውም። ጾሜን አልፈታሁም፣ እሳቸውም ጎረቤታቸውን ረስተው አላፈጠሩም። ያ የድምፅ መልእክት ይህን ሳሕን መልስ እያለኝ ነው።

ይህን ስል ፍርሃታችን ከሜዳ የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። ሱዳን የቆየ ሰው ያውቀዋል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እዚህ የለመድነው እሱን ስለሆነ።) ጃዕፈር ኒሜሪ በሴፕቴምበር 1983 የሸሪዓ ሕግ አወጀ። ከ1989 በኋላ በኦማር አልበሽር ዘመን ሕጉ ጓዳ ድረስ ገባ። ሻይና ቡና ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ ስንት ሐበሻ ሴት በከሻ ተይዛለች፣ በአለባበሷ ተገርፋለች፣ ጀበናዋ ተሰብሮባታል። ይህን ያየች እናት ብትፈራ አይፈረድባትም።

ከዚህም የከፋ ነበረ። ማርያም ያሕያ ኢብራሂምን አስታውሷት። የተወለደችው እዚሁ ገዳሪፍ ግዛት ነው። እናቷ ሐበሻ ኦርቶዶክስ፣ አባቷ ሱዳናዊ ሙስሊም። አባት በልጅነቷ ጥሏቸው ስለሄደ እናት በራሷ እምነት አሳደገቻት። በሜይ 2014 የኻርቱም ፍርድ ቤት «አባትሽ ሙስሊም ስለሆነ አንቺም ሙስሊም ነሽ፤ ከእስልምና ወጥተሻል» ብሎ ስቅላት ፈረደባት። እርጉዝ ነበረች። ኦምዱርማን እስር ቤት ውስጥ እግሯ በሰንሰለት ታስሮ ሴት ልጅ ወለደች። ዓለም ሁሉ ጮኸላት፤ በጁን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነጻ አወጣት፤ በጁላይ ከቤተሰቧ ጋር ሮም ገባች።

ታሪኩን ስንናገር ግን ግማሹን ቆርጠን እንጥላለን። ማርያም ፍርድ ቤት ስትቆም አጠገቧ የቆሙት ጠበቆች ሱዳናውያን ነበሩ። እነ ሙሐነድ ሙስጠፋ ዛቻ እየደረሰባቸው ነው የተከራከሩላት። ከሷ በፊትም በተመሳሳይ ውንጀላ የተሰቀለ ሰው ነበረ፤ እሱም ክርስቲያን አልነበረም። መሐሙድ ሙሐመድ ጣሃ የሚባሉ ሽማግሌ የእስልምና ሊቅ ናቸው። የኒሜሪን ሕግ በመቃወም ወረቀት ስለበተኑ «ከሃይማኖት ወጥተዋል» ተብለው በጃንዋሪ 18 ቀን 1985 ኮበር እስር ቤት ተሰቀሉ። ሦስት ወር ሳይሞላ ኒሜሪም ከሥልጣን ወረደ። ኋላም ሱዳናውያን በ2019 በሽርን ሲያወርዱ፣ ሴቶቻችን የተገረፉበትን የሥነ ሥርዓት ሕግ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሻሩት፤ በጁላይ 2020 ደግሞ ሃይማኖት የለወጠን ሰው የሚያስገድለውን አንቀጽ ሰረዙት። ስለዚህ «ሱዳኖች» ብለን በአንድ ከረጢት የምንከታቸው ሰዎች ይህን ነገር ከኛ በፊት ታግለውታል፣ ሞተውበታልም። አክራሪው የነሱም ጠላት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የዛሬው ጽሑፌ ዋና ጉዳይ ይህ ነው።

ኡም ራኩባን የ2020 ካምፕ አድርገን ነው የምናውቀው። በዚያ ዓመት ኖቬምበር የትግራዩ ጦርነት ሲጀመር ነው ዳግም የተከፈተው። ሰፈሩ ግን የድሮ ነው። በ1984 ረሃብ ጊዜ ከጎንደርና ከትግራይ የመጣ ስደተኛ ሞልቶበት ነበር። ከመሀላቸው ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 እስራኤል በድብቅ ስትወስዳቸው ከዚሁ ከገዳሪፍ በሌሊት በአውቶቡስ እየተጫኑ ነው ኻርቱም አውሮፕላን ማረፊያ የደረሱት። ወደ 8,000 ሰው ወጣ። በመንገድና በካምፕ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚሆኑ ይነገራል። እነዚህ ሰዎች በካምፑ ውስጥ ማንነታቸውን ደብቀው ነበር የኖሩት። ከሱዳን ጸጥታ ብቻ መሰላችሁ? ከኛም ነበር። «ቡዳ» ከሚላቸው፣ አብሯቸው ከተራበው የአገራቸው ሰው ጭምር ይሸሸጉ ነበር። አንድ እንጀራ ያጣን ስደተኞች ሆነን እንኳ ከመሀላችን የምንገፋው ሰው አላጣንም።

ይህ የድሮ ነው የሚል ካለ ወደ ቅርቡ ልምጣ። በኤፕሪል 2022 ጎንደር ላይ በሼኽ ከማል ለጋስ ቀብር ቀን የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ቤትና ሱቅ ተዘረፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ያን ሰሞን እኔ ስልኬ ላይ ተጥጄ ነበር። ስለ ወራቤ የመጣውን ሁሉ ሼር አደረግሁ፤ ያላጣራሁትንም ጨምሬ። ስለ ጎንደሩ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ከኔ ጋር ሁለት ክረምት ሰሊጥ ያረመ፣ አንድ ክፍል ተከራይተን የኖርን የጎንደር ልጅ ነበረ፤ ሙስሊም ነው። ቀብሩ ላይ የአጎቱ ልጅ ቆስሎበታል። ገጼን አየው። ምንም አላለኝም። ቡና ስናፈላ መምጣት ተወ፣ ከዚያ ክፍል ለቀቀ። ይቅርታ ለመጠየቅ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ይቅር ብሎኛል፤ እንደ ድሮው ግን አልሆንንም። ያንን ፖስት በአንድ ጣት ነው የነካሁት። ስለዚህ ያን የድምፅ መልእክት ሼር ያደረጋችሁትን ከላይ ሆኜ እየገሠጽኩ አይደለም። ዋጋውን ስለማውቀው ነው።

ሌላም አለ። ይህኛው ይበልጥ ያማል። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ኻርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ሱዳናውያን በተራቸው ስደተኛ ሆኑ። በጋላባት አልፈው መተማ ገቡ። ኩመርና አውላላ የሚባሉ ካምፖች ተከፈቱላቸው። እዚያ ምን ገጠማቸው? የታጠቁ ሰዎች በሌሊት እየገቡ ዘረፏቸው፤ ሰው እያፈኑ ገንዘብ ጠየቁባቸው፤ የተገደለም አለ። በሜይ 2024 ከ1,000 በላይ ሰዎች «በቃን» ብለው ልጆቻቸውን አዝለው ከአውላላ ወጡ፤ መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። ክረምቱ እዚያው ገባባቸው። ክልሉ ራሱ ጦርነት ውስጥ እንደነበረ አውቃለሁ። የአካባቢው ገበሬም ይዘረፍ፣ ይታፈን ነበር። ቢሆንም ወንበዴው ሱዳናዊውን የመረጠው ጠያቂ ዘመድ እንደሌለው ስላወቀ ነው። እኛም እዚህ ከሻ ሲመጣ የምንያዘው ጠያቂ እንደሌለን ስለሚታወቅ አይደለም እንዴ?

እዚህ የሱዳን ሽማግሌ ሰላም ሲለን «የነጃሺ አገር ሰዎች» ይለናል። ነቢዩ ተከታዮቻቸውን «እሱ ዘንድ ማንም አይበደልም» ብለው ወደ ሐበሻ ንጉሥ መላካቸውን ከልጅነቱ ሰምቷል። እኛም በየስብሰባው ነጃሺን እንጠራለን፣ ደረታችንን እንነፋለን። ነጃሺ ክብር የሚሆነን ግን መተማ ያለች ሱዳናዊት እናት ያለ ሥጋት ስታድር ነው። አለዚያ በአያት እህል ዛሬን መብላት ነው።

«ስለዚህ እንስለም ነው የምትለን?» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አይደለም። ከሰው ጋር መዋሃድ ማለት ማተብ መበጠስ አይደለም። የአገሩን ቋንቋ ማወቅ ነው፤ ሐኪም ፊት ሕመምሽን፣ ፖሊስ ፊት እውነትህን እንድትናገሩ። ሕጉን ማወቅ ነው፤ ሐዘኑ ላይ መድረስ ነው። ልጃችሁ ዐረብኛ ቢማር ዐረብኛ ቻለ ማለት ነው፤ እምነቱን ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን ይማራል። ቤት ውስጥ ካልተማረ ደግሞ ጥፋቱን በሱዳን አስተማሪ ላይ አናላክክ። ኡም ራኩባ ያሉ ወገኖቻችን ከእንጨትና ከሣር ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ሲቀድሱ ጎረቤቱ አልከለከላቸውም። ሐምዳይት ላይም ተከዜን ተሻግረው ሲገቡ የእርዳታ ድርጅት ሳይደርስ ቤቱን የከፈተላቸው የሐምዳይት ሰው ነው። እምነታችሁን ያዙ። የሐጃንም ሳሕን ተቀበሉ። ሁለቱ አይጣሉም።

ጥቂት ነገር ልለምናችሁ።

የድምፅ መልእክት ሲደርሳችሁ ከመላካችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ሰው በተናገረው ነገር ጠብ ቢነሣ እሱ ነው የሚመታው ወይስ እኔ? ውጭ ያላችሁ ወንድሞች፣ ለኛ ማሰባችሁን እናመሰግናለን። ነገር ግን እናንተ በተናገራችሁት ነገ ሱቅ የምትዘጋው ገዳሪፍ ያለችው እኅታችሁ ናት።

ልጃችሁ ሲሰደብ ከጎረምሳ ጋር አትሰዳደቡ። የሰፈሩን ትልቅ ሰው ይዛችሁ ወደ ልጁ ቤት ሂዱ። የዚያችን እኅት ጉዳይ እንዲያ ነው ያደረግነው፤ የሐጃ ትልቁ ልጅ አብሮን ሄደ። አባትየው ልጃቸውን ጠርተው ፊታችን ይቅርታ አስጠየቁት፤ ሻይም ጠጥተን ወጣን። ሁልጊዜ እንዲህ ይሳካል አልልም። ባለፈው ዓመት ለሌላ ጉዳይ ሄደን በር ሳይከፈትልን ተመልሰናል። በር የዘጋብንን አንድ ቤት ግን የሰፈሩ ሁሉ ቤት አናድርገው።

ከመሀላችን ያሉ ሙስሊም ወንድሞችንና እኅቶችን ከግሩፑ አታስወጡ። «የኛ ሰው» ስንል እነሱን ጨምረን ይሁን። ሰሊጥ ሲታረም ጸሐዩ አልለየንም።

መጨረሻ፦ መተማ፣ ገንዳ ውኃ፣ ጎንደር ዘመድ ያላችሁ ሁሉ በዚህ ሳምንት ደውሉ። ሰላምታ ስትጨርሱ «እነዚያ ሱዳኖች እንዴት ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ገበያ ሲወጡ ዋጋ እንዳይጨምሩባቸው፣ ሲዘረፉ ካዩ ዝም እንዳይሉ፣ ሰው ቢሞትባቸው ቀብር እንዲቆሙላቸው ንገሯቸው። እናንተን ሱዳን ውስጥ ማን እንዳበላችሁም ተርኩላቸው። እናቶቻችን በዚያ ስልክ «እዚያ ሰዎቹ እንዴት ይዘዋችኋል?» እያሉ ስንት ጊዜ ጠይቀውናል። አንዲት ሱዳናዊት እናትም ዛሬ ይህንኑ ለልጇ እየደወለች ነው።

ማግሪብ ደርሷል፤ የሐጃ የልጅ ልጅ በሩን እያንኳኳ ነው። በሊላዬን ልቀበል።

ለኛ ጾሙን የበረከት፣ ለነሱም ረመዳኑን የሰላም ያድርግልን። ለሱዳንም ለኢትዮጵያም ሰላም ያውርድ። የተስማማችሁ ሼር አድርጉት፤ ያልተስማማችሁ ሳትሰዳደቡ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።