አቧራ የጠጡ ካሴቶች

ይህ እትም አዲስ ስለወጣ አልበም አይደለም፤ በየቤቱ ቁምሳጥን ላይ አቧራ ስለጠጡት ካሴቶች ነው። አንጋፋው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከኪቦርድ ጋር አዋህደው የቀዱትን ካሴት እናስታውስ። አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ሙዚቀኛውም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ። ሥራው ከሀገር አልጠፋም ነበር፤ እኛ መስማት ትተን ነበር እንጂ።

«ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» የሚል አንባቢ ይኖራል። ብዙው አለ፤ ግን ተቆራርጦ ነው። እዚያ ቀድመን የምናውቀውን ዘፈን ፈልገን እንሰማለን፤ ከ«ለ» ገጽ መጨረሻ የተቀመጠውን በስም የሚፈልገው የለም። ካሴት ለመዝለል ስለማይመች ያልመረጥነውንም ያሰማናል። ከሁሉ የሚቆጨው ደግሞ የሽፋኑ ነገር ነው፦ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ በደቃቅ ፊደል የሚነበበው እዚያ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው የድምፃዊው ስም ብቻ ነው፤ ይህ ለገጣሚውና ለአቀናባሪው ትልቅ በደል ነው። «ቴፑ ክሩን ቢበላውስ?» የሚለው ስጋት ግን ተገቢ ነው። ስለዚህ ከማጫወታችሁ በፊት የቴፑን ሄድ በአልኮል ጥረጉ፣ ክሩ ሥር ያለችው ትንሽ ስፖንጅ አለመውደቋን እዩ፣ ካሴቱን እስከ ጫፍ አጠንጥናችሁ መልሱት። ከዚያ አንዱን አልበም ከ«ሀ» ገጽ ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው ስሙ፤ የሽፋኑንም ስሞች ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።