ከማዘዝዎ በፊት ስለ ሾርባው ይጠይቁ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚጓዝ ሰው ደራ ላይ ለምሳ ሲወርድ፣ ቀኑ ጾም ከሆነ ፓስታ በስጎ ማዘዙ የተለመደ ነው። ከደራ ሽቅብ ኢተያንና ቁሉምሳን አልፎ አሰላ የሚዘልቀው ደጋ ደግሞ የስንዴ አገር ነው። ስለዚህ ለአርሲ ቤተሰብ ከዱቄት ተሠርቶ እንደ ክር የተሳበ ምግብ ብርቅ አይደለም። የጃፓኑ ኑድል ሲቀርብለት እንግዳ የሚሆንበት ሾርባው ነው።

ልጆች ይህን ምግብ የሚያውቁት በኢንዶሚ በኩል ነው። ፈጥኖ የሚደርሰውን ኑድል እ.ኤ.አ. በ1958 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው ሞሞፉኩ አንዶ ነው። እናቱ የሆነው ራመን ግን ከፓኬት አይወጣም፤ አጥንቱ ለሰዓታት ይንተከተካል። እንግዲህ ልጆቹ "ዋናውን እንቅመስ" ብለው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ጃፓን ምግብ ቤት ቢያስገቡዎት፣ ሦስት ስሞችን ይወቁ። ኡዶን ከስንዴ ዱቄት፣ ከጨውና ከውኃ የሚሠራ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ሶባ ጠቆር ያለ ሲሆን የሚሠራው ባክዊት ከሚባል እህል ነው፤ ብዙ ጊዜ የስንዴ ዱቄት ይደባለቅበታል። ራመን ደግሞ ሊጡ ካንሱይ በሚባል የማዕድን ጨው ስለሚታሽ ቢጫ መልክ ይይዛል፣ ሲታኘክም ይለጠጣል።

አሁን ወደ ሾርባው። በእኛ አገር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ ጿሚና ፈሳኪ አብረው ይቀመጣሉ። ቶንኮትሱ የሚባለው ነጣ ያለ የራመን ሾርባ የሚሠራው ከአሳማ አጥንት ነው። የኡዶንና የሶባ ሾርባ ጥርት ያለ ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር አረምና ከደረቀ ዓሣ ይወጣል፤ ዓሣን እንደ ፍስክ ለሚቆጥር ጿሚ አይሆንም። ማጣፈጫው ውስጥ ሚሪን ወይም ሳኬ የሚባል አልኮል ሊገባም ይችላል። "የአትክልት" የሚለው ጽሑፍም አያዘናጋዎት፤ ከላይ ያለው አትክልት ሆኖ ሥሩ ያው የአጥንት ሾርባ ሊሆን ይችላል። አስተናጋጁን "ሾርባው ከምንድን ነው የተሠራው?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውሩ እናትዎ ግማሹን ከጠጡ በኋላ መስማት ነው።

ሌላው ልዩነት አቀራረቡ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ጎድጓዳ ሳህን ይቀርባል። ከአንድ ትሪ መብላት ለለመዱ አያት ይህ ብቸኝነት ሊመስላቸው ስለሚችል፣ ትንሽ ባዶ ሳህን አስመጥተው ከሁሉም ቀንሰው ያቅምሷቸው። ጉርሻም አይቀርም፤ ብቻ ምግብ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ አያቀባብሉ። ጃፓኖች የሟችን አጥንት ከአመድ የሚለቅሙት እንዲህ ተቀባብለው ነውና። ልጆቹ ኑድሉን በድምፅ ቢስቡት ግን አይቆጧቸው፤ እዚያ ነውር አይደለም። ጨዋታውንም ለቡናው ያቆዩት፤ ኑድል ሾርባ ውስጥ ከቆየ ይልፈሰፈሳል።

ወጪው ከከበደ ወይም ሾርባው ካላማረዎት፣ ኡዶን በቤት ይሠራል። ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ ሩብ ሊትር ውኃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ጨው። ጨውን በውኃው አሟሙተው ጠንከር አድርገው ያሹ፤ ሸፍነው አንድ ሁለት ሰዓት ያሳርፉ። ከዚያ ይዳምጡ፣ ዱቄት ነስንሰው ያጥፉ፣ በቀጭኑ ይቁረጡ። በብዙ ውኃ አሥር ደቂቃ ያህል ቀቅለው በቀዝቃዛ ውኃ ይለቅልቁት። ሾርባውን ለፍስክ በዶሮ አጥንት፣ ለጾም በካሮት፣ በጥቅል ጎመን፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ያውጡት። ያን ጊዜ ውስጡ ምን እንዳለ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግዎትም፤ ከጠረጴዛውም ማንም ጾሙን አያድርም።