ሰው ሲቀርብ በራሱ ስለሚበራ መብራት



ሰው ሲቀርበው የሚበራ፣ ሲርቀውም የሚጠፋ መብራት በዛሬ ጊዜ በደረጃና በበረንዳ፣ በግቢ በርና በመጸዳጃ ቤት ተተክሎ ይታያል። ጥቅሙም የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ በሌሊት ሲነሣ ማብሪያ ፍለጋ ግድግዳ አይዳብስም፤ ሕፃን ያዘለች እናት በጨለማ ደረጃ አትሰናከልም፤ ኤሌክትሪክም በከንቱ አይባክንም። ነገር ግን ጥቅሙን የወደደ ሰው ጠባዩንም ሊያውቅ ይገባዋል።

ይህን ሥራ የሚሠራው ሴንሰር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ነው። አብዛኛው ዐይነት ከሰው ገላ የሚወጣውን ሙቀት እንቅስቃሴ ይለያል። ስለዚህ በምጣድና በምድጃ አጠገብ ቢተከል ሰው ሳይኖር ሊበራ ይችላል። ደግሞም ሰው ወደ እርሱ ፊት ለፊት ከሚመጣበት ይልቅ በፊቱ አቋርጦ በሚያልፍበት ስፍራ አብልጦ ይለያል።

ዋናው ነገር ግን የሚከተለው ነው። በአገራችን ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን ሰውን ለመግደል ይበቃል። ሴንሰሩም የሰውን መምጣት ይጠብቅ ዘንድ ቀንና ሌሊት ኤሌክትሪክ አይለየውም። የከሳሽ ዝም ማለት ክሱ ተነሣ እንደማያሰኝ ኹሉ፣ የአምፖሉም መጨለም ለሽቦው መሞት ምስክር አይሆንም። አምፖል ሊለውጥ መሰላል የወጣ ሰው እጁን ባነሣ ጊዜ ሴንሰሩ ያየውና ኤሌክትሪኩን በእጁ ላይ ይለቅበታል።

እንግዲህ አስቀድሞ የዚያን መብራት ብሬከር ማጥፋት፣ ማንም እንዳይመልሰው ለቤተ ሰቡ መንገርና ወረቀት መለጠፍ ያስፈልጋል። ቀጥሎም ቴስተሩን ኤሌክትሪክ ባልጠፋበት ሌላ ሶኬት መሞከር፣ ከዚያ ሽቦዎቹን ኹሉ መፈተን፣ ቴስተሩ ራሱ እንዳልተበላሸ ለማወቅም ወደ ሶኬቱ ተመልሶ እንደ ገና መሞከር ነው።

የተለመደው ሴንሰር 3 ሽቦዎች አሉት፤ እነርሱም ኃይል የሚያመጣው ፌዝ፣ መመለሻው ኒውትራል፣ ከሴንሰሩም ወደ አምፖሉ የሚሄደው ናቸው። ብዙ ጊዜ ፌዙ ቡናማ፣ ኒውትራሉ ሰማያዊ፣ ወደ አምፖሉ የሚሄደው ቀይ ነው። ነገር ግን በቆዩ ቤቶች የሽቦው ቀለም ተለዋውጦ ስለሚገኝ፣ ከመሣሪያው ጋር የመጣውን ሥዕል መመልከትና በቴስተር ማረጋገጥ ይገባል። ኒውትራሉ ወደ አምፖሉ በቀጥታ ይሄዳል፤ በሴንሰሩ የሚቆረጠው ፌዙ ብቻ ነው። በብዙ ቤት የግድግዳው ማብሪያ ውስጥ ኒውትራል አይገኝም፤ ያን ጊዜ ኧርዝ የሚባለውን የመሬት ሽቦ በእርሱ ፈንታ ማሰር ብርቱ አደጋ ነው፤ ከቶ አይደረግም።

መጋጠሚያዎቹም በስካቶላ ውስጥ ይዘጉ፤ በፕላስተር መጠቅለል ብቻውን አይበቃም። ከቤት ውጭ የሚተከለው ዝናብ የሚችል፣ አይፒ 44 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ይሁን። የሚሸከመው የአምፖል ኃይልም በመሣሪያው ላይ በዋት ተጽፎ ስለሚገኝ ከዚያ አይለፍ።

ሥራውን ለሠለጠነ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መስጠት መልካም ነው። ቢሆንም የቤቱ ባለቤት «ብሬከሩ ጠፍቷልን? በቴስተርስ ተፈትኗልን?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ሠራተኛው ከሄደ በኋላ ግን አምፖል የሚለውጠው የቤቱ ልጅ ነውና፣ የጨለመ አምፖል የሞተ ሽቦ አለመሆኑን ዛሬውኑ ንገሩት።